የተረፈችው ደቂቃ የማን ናት?

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጧት እስከ ማታ የሚጻፈውን ደብዳቤ ሁሉ በጥሞና ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ይኸውም የባለጉዳዩ ዓይነት እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ የደብዳቤው ቃል አንድ መሆኑ ነው። አንዱ የመጣው ስለ ቦታ ግብር ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጡረታ አበል፤ ሦስተኛው ደግሞ ልጁን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ለማዛወር ነው። ለሦስቱም የሚጻፈው ወረቀት ግን «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» ብሎ ይጀምርና «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በማክበር እንጠይቃለን» ካለ በኋላ «ከሰላምታ ጋር» ሲል ይፈጽማል።

እንዲህ ያለው የተለመደ አነጋገር በራሱ ነቀፌታ የሚገባው አይደለም። መንግሥት ከሕዝብ ጋራ፣ መሥሪያ ቤትም ከመሥሪያ ቤት ጋራ ሲነጋገር ወግና ሥርዓት ያስፈልገዋል። ወግ ያለው ደብዳቤ ለጻፈውም ለተጻፈለትም ክብር ነው። ዳሩ ግን ወጉን ለመጠበቅ ሲባል አንድ የተማረ ወጣት በቀን ሃያ ጊዜ ያንኑ ቃል በጣቱ እየቀጠቀጠ ሲውል፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ ባለጉዳይ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ስናይ፤ ይህ ድካም ለማን ይጠቅማል ብለን ለመጠየቅ እንገደዳለን።

ዛሬ ለተማሪዎችና ለወጣት ባለሥልጣኖች ልናወሳ የፈለግነው ነገር ይህን ድካም የሚያቀልል አንድ ትንሽ ዘዴ ነው። በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ላይ አንድ አጭር ምልክት ስንጽፍ መሣሪያው ራሱ ረዥሙን ጽሑፍ ተክቶ እንዲያወጣልን ማድረግ ይቻላል። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛው «ቴክስት ኤክስፓንሽን» ይሉታል፤ እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ምልክት» ብለን እንጠራዋለን። ይህን ስም የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው በድጓው ጽሑፍ ላይ፣ ከቃሉ በላይ፣ ደቃቅ ሆነው የተጻፉ ፊደላት አሉ። ስማቸው ምልክት ነው። አንዱ ምልክት ከአንድ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቆርጦ የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው። መሪጌታው ያችን ቁራጭ ባየ ጊዜ ቃሉ ከነሙሉ ዜማው ትዝ ይለዋል፤ ሙሉውንም አውጥቶ ያዜማል። ይህን ሥርዓት እ. ኤ. አ. ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት በትውፊት ይነገራል። እንግዲህ በአጭር ምልክት ረዥሙን ነገር የመጥራት ጥበብ ለእኛ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን የአማርኛ ጸሐፊ ሁሉ ቃል ሲያሳጥር ኖሯል። መሥሪያ ቤትን «መ/ቤት»፣ ፍርድ ቤትን «ፍ/ቤት»፣ ወይዘሮን «ወ/ሮ»፣ ገብረ ሚካኤልን «ገ/ሚካኤል» ብሎ የማይጽፍ ማን አለ? በየጠረጴዛው ላይ የሚታየው ቲተርስ ቢሆን ምንድን ነው? የሹሙን ስምና ማዕረግ በየደብዳቤው ግርጌ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ አንድ ጊዜ በጎማ አስቀርጾ መምታት ይሻላል ተብሎ የመጣ ዘዴ ነው።

በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነው። የሮማዊው የኪኬሮ ጸሐፊ የነበረው ቲሮ የጌታውን ንግግር ፈጥኖ ለመጻፍ ያወጣው አጭር ጽሕፈት በስሙ ሲጠራ ኖሯል። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን እ. ኤ. አ. በ1837 ያሳተመው አጭር ጽሕፈትም ንግግር እየሰሙ ለሚጽፉ ጸሐፊዎችና ለጋዜጠኞች ለብዙ ዘመን መተዳደሪያ ሆኗል። የቴሌግራም ዋጋ በቃል ቁጥር ይከፈል በነበረበት ጊዜ ደግሞ ነጋዴዎች አንዱ ቃል አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲተካ የሚያደርጉ የምስጢር መጻሕፍት የሚመስሉ የቃል መዝገቦች ነበሯቸው። ላኪው አንዲት ቃል ይልካል፤ ተቀባዩ መዝገቡን ገልጦ ሙሉውን አሳብ ያነብባል።

ዛሬ ያን መዝገብ የሚገልጥልን መሣሪያው ራሱ ሆኗል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ነገሩ በሥራ ላይ ሲውል እንዴት እንደሆነ በምሳሌ እናስረዳ። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በማክበር እንጠይቃለን» የሚለው ቃል 31 ፊደል አለው። በብዙው የአማርኛ አጻጻፍ ግን ከሳድስ በቀር ሌላውን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፤ «ሰላምታ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል ሰባት ጊዜ ያስመታል። ስለዚህ ያ 31 ፊደል ከ40 በላይ ምት ይሆናል። አሁን ከቃሎቹ መጀመሪያ ሦስት ፊደል ወስደን «አትእ» የሚል ምልክት ብናወጣለት ሦስቱን ፊደል ጽፈን ባዶ ቦታ ስንሰጥ መሣሪያው ሙሉውን ቃል ያወጣዋል። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ለአንድ ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመታ ከዚህ ዘዴ የሚያገኘው ጥቅም ከእኛ ያነሰ ነው። እንግዲህ ዘዴው ከማንም ይልቅ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ከማንም ይልቅ የምንዘነጋው እኛ መሆናችን ያሳዝናል።

ዘዴውን ለመጀመር ገንዘብም ሆነ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። በየመሥሪያ ቤቱ በሚገኘው በማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ «ፋይል» ከሚለው ተነሥቶ በ«ኦፕሽንስ» በኩል «ፕሩፊንግ» ወደሚለው ገብቶ «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» የሚለውን ሲከፍቱ ሁለት ባዶ ቦታ ይገኛል፤ በአንደኛው ምልክቱን፣ በሁለተኛው ሙሉውን ቃል መጻፍ ነው። ጽሑፉ አንድ ሙሉ አንቀጽ ወይም ከዚያ የበለጠ እንደሆነ ጽሑፉን መርጦ «አልት» የሚለውን ቁልፍና «ኤፍ 3»ን አንድነት በመጫን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በኋላም ስሙን ጽፎ «ኤፍ 3»ን መጫን ብቻ ይበቃል። ያለ ዋጋ በሚገኘው በሊብረ ኦፊስም ምልክቱን ጽፎ ያንኑ ቁልፍ መጫን ሥራውን ይፈጽማል። በአይፎን ስልክ ላይ «ቴክስት ሪፕሌስመንት» የሚባል ቦታ ለዚሁ ተሠርቷል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ በማናቸውም ገጽ ላይ እንዲሠራ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ እንደ ኤስፓንሶና እንደ አውቶሆትኪይ ያሉ በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች አሉ።

ምልክት ሲወጣ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ምልክቱ በቋንቋው ውስጥ ትርጉም ያለው ቃል መሆን የለበትም። አንድ ጸሐፊ «ግብርና ሚኒስቴር» ለሚለው ስም «ግብ» የሚል ምልክት ቢያወጣለትና ማታ ስለ ኳስ ጨዋታ ለወዳጁ ሊጽፍ ቢቀመጥ ያ ተጫዋች «ሁለት ግብርና ሚኒስቴር አስቆጠረ» ብሎ ሊያርፈው ነው። ለቀልድ ይመቻል፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከቋንቋችን ጠባይ የሚመጣ ነው። አማርኛ «የ»ን፣ «ለ»ን፣ «በ»ንና «ከ»ን ከቃሉ ጋራ አያይዞ ይጽፋል። ዎርድ ግን ምልክቱን የሚያውቀው ለብቻው ሲቆም ነው፤ «ለ» ተቀጥሎበት ከመጣ እንደ ሌላ ቃል ቆጥሮ ያልፈዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለምንጽፈው ስም ከነ«ለ»ውና ከነ«የ»ው ሌላ ሌላ ምልክት ማውጣት፣ ወይም ቃሉ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊደሉን መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ትንሽ ችግር ነው፤ ያላወቀው ሰው ግን «አይሠራም» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ይተወዋል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ወጣት ሹም በቀን 20 ደብዳቤ ይጽፋል እንበል። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የተለመደውን ቃል በምልክት ስለ ጻፈ አንድ ደቂቃ ብቻ ይተርፈዋል እንበል። በቀን 20 ደቂቃ፣ በአምስት የሥራ ቀን 100 ደቂቃ ነው። በዓመት 48 ሳምንት ቢሠራ 4800 ደቂቃ፣ ማለት 80 ሰዓት ይሆናል። የሥራውን ቀን 8 ሰዓት ብንቆጥረው ሙሉ 10 የሥራ ቀን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው ደቂቃም ሲያብር ሳምንታትን ይወልዳል።

ለተማሪም እንዲሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን፣ የክፍሉንና የትምህርቱን ስም፣ እንዲሁም በየገጹ የሚመላለሱትን የሙያ ቃላት በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ ይጽፋቸዋል? እነዚህን ለምልክት ቢተዋቸው ድካሙ ከመቅለሉም በላይ ቃሉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳይለዋወጥ በአንድ ሆሄ የተጻፈ ይሆንለታል። በእኛ ፊደል «ሀ»ው ከ«ሐ»ና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ው ከ«ሠ»፣ «አ»ው ከ«ዐ»፣ «ጸ»ው ከ«ፀ» ጋራ እየተምታታ አንዱ ስም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ ያላየ መምህር የለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነውን ማንም አይቃወመውም ብለን አናስብም። ሆኖም አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች «ይህ ነገር ወጣቱን ሰነፍ ያደርገዋል፤ ደብዳቤ መጻፍ ሳይችል ደብዳቤ ጸሐፊ ይባላል» ሲሉ ሰምተናል። ቃላቸው ቀላል አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋልና አባቶቻችን፤ የደብዳቤን ወግ ሳያውቅ ሌላው ያወጣለትን ምልክት ብቻ ተቀብሎ የሚመታ ሰው የሚጽፈውን አያውቅም። ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው ከሌላ ሰው የምልክት ዝርዝር እንዳይቀዳ ነው። አስቀድሞ ደብዳቤውን ራሱ በሙሉ ቃል ደጋግሞ ይጻፈው፤ አለቃው ያርመው፤ ከዚያ በኋላ የተመላለሰበትን ቃል ራሱ አይቶ ራሱ ምልክት ያውጣለት። የድጓው ምልክትም ቢሆን ዜማውን ላላጠናው ሰው ምኑም አይደለም።

እኛን የሚያሳስበን ግን ስንፍናው አይደለም። ከዚያ የከፋ ነገር አለ። እሱም ምልክቱ የሰላምታውን ቃል መተካቱን ትቶ የኅሊናን ሥራ መተካት የጀመረ እንደሆነ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የጎረቤታችንን አሮጊት ስለ ውርስ ቤታቸው ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አድርሰናቸው ነበር። እናቲቱ የማስረጃ ወረቀታቸውን በፖስታ አሽገው፣ ፖስታውን በመሐረብ ቋጥረው በጉያቸው ይዘዋል። ማመልከቻቸው ከሳምንት በፊት ገብቷል። ወጣቱ ሹም ስማቸውን ጠየቀ፤ ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አደረገና አንድ ደብዳቤ አትሞ ሰጣቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ለእኛ አቀበሉን። ደብዳቤው «ለአቶ» ብሎ ይጀምርና «ያቀረቡልንን ማስረጃ በጥንቃቄ መርምረን ጥያቄዎ ተቀባይነት የሌለው መሆኑን ስለ ተረዳን» ይላል። እንዳለ አነበብንላቸው።

እሳቸው መሐረቡን ፈትተው የታሸገውን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልጄ፤ ማስረጃው እኮ ይኸው ነው። ሳትከፍተው እንዴት አድርገህ መረመርከው?» አሉት።

ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ቀላ። «እማማ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሁሉም የሚወጣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ስለሆነ ነው» አላቸው።

«እኔ ግን አንድ ነኝ» አሉት።

ወጣቱ ፖስታውን ተቀብሎ ከፈተ፤ ወረቀቶቹንም አንድ በአንድ አየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ አስፈላጊ አይመስለንም። የምንለው ይህ ነው፤ ያ ወጣት በምልክት በመጻፉ ምናልባት ሁለት ደቂቃ አትርፏል። እናቲቱ ማንበብ የሚችል ሰው አብሯቸው ባይሄድ ኖሮ ግን ቤታቸውን ያጡ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በመሥሪያ ቤት ግን የሚያፈሰው ሹሙ ሲሆን የሚለቅመው ባለጉዳዩ ነው።

ይህ አደጋ በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። የሕሙማን መዝገብ በኮምፒዩተር በሚጻፍባቸው አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ሐኪሞች በዚሁ በምልክት ዘዴ በሰፊው ይጠቀማሉ። ሐኪሙ አንድ አጭር ምልክት ሲጽፍ «ልቡ ደኅና ነው፤ ሳንባው ንጹሕ ነው፤ ሆዱ ለስላሳ ነው» የሚል ሙሉ የምርመራ ቃል ይወጣለታል። በእውነት መርምሮ ደኅና ሆኖ ላገኘው ሐኪም ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ሳንባውን ሳያዳምጥ የሳንባው ቃል አብሮ ከወጣ መዝገቡ ዋሸ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ሐኪም ያንን አምኖ ይሠራል። ነገሩ በሕክምናው ዓለም ሲያከራክር የኖረው ስለዚህ ነው። የሐኪሙ ምልክትና የሹሙ ምልክት ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ያልተሠራውን ሥራ ተሠራ ብለው ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ድንበሩ የት ላይ ነው? እኛ ብዙ ካሰብንበት በኋላ ድንበሩን በሰዋስው ውስጥ ያገኘነው ይመስለናል። በደብዳቤ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃል አለ። አንደኛው የወግ ቃል ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ አድራሻው፣ ሰላምታው፣ የተጠቀሰው ደንብ ስም፣ ግልባጭ የሚላክላቸው ክፍሎች ዝርዝር ይህን የመሰለ ነው። ሁለተኛው የምስክርነት ቃል ነው፤ «አየን»፣ «መረመርን»፣ «ሰማን»፣ «አመሳከርን»፣ «ወሰንን» የሚሉት ግሦች ናቸው። የወጉን ቃል ሁሉ ለምልክት እንስጠው። የምስክርነቱን ግሥ ግን በየጊዜው በገዛ ጣታችን እንምታው። «መረመርን» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ሲጽፍ «በእርግጥ መርምሬያለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን የማይጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ያች ግሥ የምትወስደው ጊዜ ከሦስት ሴኮንድ አይበልጥም፤ የምትጠብቀው ግን የሰው መብት ነው።

ለዚህ ዋና ሕግ አጋዥ የሚሆኑ ጥቂት ልማዶችንም እንጨምር። መጀመሪያ፤ ስም፣ ቁጥርና ቀን የሚገባበትን ስፍራ በምልክቱ ጽሑፍ ውስጥ በጉልህ ነጠብጣብ ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ባዶ ስፍራ ያለበት ደብዳቤ ካልተሞላ በቀር አይፈረምምና፤ ባዶነቱ ጸሐፊውን ያስቆመዋል። ያለፈው ባለጉዳይ ስም ሳይፋቅ ለሚቀጥለው የሚላከው ይህ ስላልተደረገ ነው።

ሁለተኛ፤ አማርኛችን በዚህ ረገድ የሰጠንን ስጦታ እንጠቀምበት። «እርስዎ» እና «እሳቸው» በሚለው በአክብሮት አነጋገር የጻፍነው ቃል ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ «እንዲደረግላቸው» ያልነው ለአባትም ለእናትም ሳይለወጥ ያገለግላል። እንግዲህ በእጅ መመረጥ ያለበት «አቶ»፣ «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» የሚለው መጠሪያ ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ቃል በምልክቱ ውስጥ አለማስገባት ነው። እናትን «አቶ» ብሎ መጻፍ ፊደል መሳት ብቻ ሳይሆን «አላየሁሽም» ብሎ መናገር ነው።

ሦስተኛ፤ በምልክት ውስጥ ያለ አንድ ስሕተት አንድ ስሕተት ሆኖ አይቀርም። በእጅ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ቢስት ነገ ያቃናዋል፤ በምልክት የሚጽፍ ሰው ግን አንዴ የሳተውን ሺህ ጊዜ ያባዛዋል። ስለዚህ ምልክቱን ካወጡ በኋላ ለሌላ ሰው አስነብቦ ማሳረም፤ በየስድስት ወሩም ዝርዝሩን ገልጦ የተሻረ ደንብ፣ ስሙ የተለወጠ መሥሪያ ቤት፣ የተቀየረ ስልክ ቁጥር እንዳለበት መመርመር ይገባል።

አራተኛ፤ የይለፍ ቃልን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርን ወይም የሌላ ሰውን ምስጢር በምልክት ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ ሦስት ፊደል የጻፈ ሁሉ ምስጢሩን ሊያወጣው ይችላልና።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ዛሬ ሙሉውን ደብዳቤ ራሱ አስቦ የሚጽፍ መሣሪያ መጥቶ ሳለ ስለዚህ ትንሽ ዘዴ ማውራት ለምን አስፈለገ?» ይለን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ምልክቱ የሚያወጣው እኛው ራሳችን ጽፈን ያኖርነውን ብቻ ነው፤ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይፈጥርም። ስለዚህ ኀላፊነቱ የማን እንደሆነ አያጠራጥርም። በዚህ በትንሹ መሣሪያ ላይ ወጉን ከምስክርነቱ ለይቶ መያዝን ያልለመደ ሰው በትልቁ መሣሪያ ላይ ከቶ ሊለየው አይችልም። በጥቂቱ የታመነ በብዙው ላይ ይሾማል።

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። በዓመት 10 የሥራ ቀን ሊተርፍ እንደሚችል አስልተናል። ይህ የተረፈ ጊዜ የማን ነው? የሹሙ ነው ብንል ቀድሞ ከሥራው ሊወጣ፣ ቡናውን ረጋ ብሎ ሊጠጣ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ነው ብንል በቀን 20 የነበረውን ደብዳቤ 25 አድርጎ ሊያስጽፍበት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ያ ጊዜ በአግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠው የባለጉዳዩ ነው። የምልክቱ ዋጋ የሚታወቀው ደብዳቤው ፈጥኖ በመውጣቱ አይደለም፤ ከመውጣቱ በፊት ፖስታው በመከፈቱ ነው። ከወጉ ላይ የቆጠብናትን ደቂቃ ለማስረጃው ካልሰጠናት በቀር ቆጠብን ማለት አንችልም።

ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ነገ ጧት ወደ ሥራችሁ ስትገቡ በየቀኑ ከምትደጋግሟቸው ቃላት አምስቱን ብቻ መርጣችሁ ምልክት አውጡላቸው። በሳምንቱ ሌላ አምስት ጨምሩ። ጣታችሁ ያርፋል። ባረፈውም ጣት በመሐረብ የተቋጠረውን ፖስታ ተቀብላችሁ ክፈቱ፤ ወረቀቱን አንብቡ፤ የባለቤቱን ፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ «መረመርን» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል፣ በገዛ እጃችሁ፣ ጻፉት።